ድርሻዋን ማን ይጠብቅላታል?



በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ በብዙ ቤት ውስጥ የሚታሰብ፣ ነገር ግን ጮክ ተብሎ የማይነገር ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ያላቸውን ወላጆች እንቅልፍ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። «እኛ ስንሞት ይህ ልጅ ምን ይሆናል?» የሚል ነው። ጥያቄው በመጣ ቁጥር አብዛኞቻችን «አላህ ያውቃል» ብለን ፊታችንን ወደ ግድግዳው አዙረን እንተኛለን። አላህ ማወቁንስ ያውቃል። እኛ ግን ከእኛ የሚጠበቀውን ሠርተናል ወይ?

በምናስተምርበት ሰፈር የሚኖር አንድ ወንድም አለ። ዕድሜው አርባን አልፏል፤ አስተሳሰቡ ግን የልጅ ነው። ለፈጅር ሶላት ከሙአዚኑ ቀጥሎ መስጂድ የሚደርሰው እሱ ነው። የውዱእ ማንቆርቆሪያዎቹን አንድ በአንድ ይሞላል፤ ከዚያም በር ላይ ቆሞ የሚገባውን ሁሉ በስሙ እየጠራ ሰላምታ ያቀርባል። የማንንም ስም አይረሳም።

አባቱ በሕይወት ሳሉ አንድ መኖሪያ ቤት ነበራቸው። ለዚህ ልጅ ከሁሉም አብልጠው ይጨነቁ ስለነበር፣ ከመሞታቸው በፊት ቤቱን በታላቅ ወንድሙ ስም አዛወሩት። «ወረቀቱ ባንተ ስም ይሁን፤ ቤቱ ግን የወንድምህ ነው። አማና ነው፤ ጠብቅለት» አሉት። ይህን ሲሉ የሰሙት እናትየው ብቻ ነበሩ። ታላቅ ወንድም አማናውን ጠበቀ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወንድሙን አብልቶ፣ አልብሶ፣ አሳክሞ ኖረ። በዚህ መሐል እናትየው ወደ አኼራ ሄዱ። ከዚያም ታላቅ ወንድም ራሱ በመኪና አደጋ በድንገት ሞተ። ቤቱ በወረቀት የእሱ ነበርና ለባለቤቱና ለሦስት ትንንሽ ልጆቹ ውርስ ሆነ።

ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፤ እኛም ተጠርተን ነበር። ባለቤቱ እያለቀሰች የተናገረችው እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። «ባሌ በአንደበቱ የነገረኝ ነገር የለም፤ ዘመድ ሲያወራ ግን እሰማለሁ። እውነት ከሆነ ቤቱን ይዤ የሱን ሐቅ እየበላሁ ነው። እውነት ካልሆነና ቤቱን ከሰጠሁ ደግሞ የየቲም ልጆቼን ሐቅ አሳልፌ መስጠቴ ነው። ምን ላድርግ?» አለችን። መልስ አልነበረንም። ወረቀት የለም፤ ምስክር የለም፤ የሚያውቁት ሦስቱም ሰዎች መቃብር ውስጥ ናቸው።

በመጨረሻ በሽምግልና ከግቢው ጀርባ ያለው አንድ ሰርቪስ ክፍል እሷ በሕይወት እስካለች ድረስ መኖሪያው እንዲሆን፣ ምግቡም ከቤቱ እንዲሆን ተስማማች። ቃሏን አክብራለች፤ አላህ ይመንዳት። ነገር ግን አባቱ ሊሰጡት የፈለጉት ቤት ዛሬ በአንዲት ሴት በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ አንድ ክፍል ሆኗል። ከእሷስ በኋላ?

አስተውሉ! በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድም ክፉ ሰው የለም። አባት አፍቃሪ ነበሩ። ወንድም ታማኝ ነበር። ባለቤቱ አላህን የምትፈራ ናት። የጎደለው የጽሑፍ ማስረጃና ምስክር ብቻ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ አባት ምንም ባያደርጉ ኖሮ ልጁ በአላህ ሕግ የራሱ ድርሻ ነበረው። ከፍቅር ብዛት የነበረውን ድርሻ አሳጡት። እኛም ለዓመታት ከጎናቸው ሰግደን፣ ጀናዛቸውንም ሸኝተን፣ አንድ ቀን እንኳ «ሐጂ፣ የልጁን ነገር እንዴት አደረጉት?» ብለን አልጠየቅናቸውም። ይህን ዓምድ የምንጽፈው ያንን ጥያቄ ዘግይተን ነው።

ሙሉ ወራሽ ነው

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ እናርም። በአንዳንድ ቤተሰብ ውርስ ሲከፈል «እሱ ገንዘብ ምን ያደርግለታል? እኛ እናበላዋለን» እየተባለ የአእምሮ ውስንነት ያለበት ልጅ ድርሻ በወንድሞቹ ድርሻ ውስጥ ይዋጣል። ይህ ቸርነት መስሎ የሚታይ በደል ነው። በሸሪዓችን ሰውን ከውርስ የሚያግዱ ምክንያቶች የታወቁ ናቸው፤ አውራሽን መግደልና የሃይማኖት መለያየት ከእነርሱ ይጠቀሳሉ። አካል ጉዳት ወይም የአእምሮ ውስንነት ግን ከእነርሱ መካከል የለም። ወንድ ልጅ ከሆነ የወንድ ልጅ፣ ሴት ልጅ ከሆነች የሴት ልጅ ሙሉ ድርሻ አላቸው።

የኒሳእ ምዕራፍ በዚህ ረገድ ግልጽ መንገድ ያሳየናል። በአምስተኛው አንቀጽ ገንዘብን ማስተዳደር ለማይችሉ ሰዎች ገንዘቡ በእጃቸው እንዳይሰጥ፣ ነገር ግን ከእሱ እንዲመገቡና እንዲለብሱ፣ መልካም ንግግርም እንዲነገራቸው ታዟል። ሦስት ነገር ነው የታዘዘው። ገንዘቡን መጠበቅ፣ ከገንዘቡ ማኖርና ማክበር። ወንድሙን እያበላ ሰው ፊት «ሸክሜ ነው» የሚል ሰው ሦስተኛውን አጉድሏል።

እዚህ ላይ መለየት ያለብን ነገር አለ። ማየት የተሳነው፣ መስማት የተሳነው ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ልጅ አእምሮው ሙሉ ከሆነ ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ራሱ ነው። «አይነ ስውር ነውና እኛ እንያዝለት» ማለት አይቻልም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዘመቻ ከመዲና ሲወጡ ዐብደላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱምን (ረ.ዐ) ከአንድ ጊዜ በላይ በከተማዋ ላይ ተክተውታል። ዐብደላህ ማየት የተሳነው ሶሐባ ነበር። ከተማ የተሰጠው ሰው የአባቱን ሱቅ ኪራይ መቀበል አያቅተውም። ከዚህ በታች ስለ ጠባቂ የምንናገረው ትርፍና ኪሳራን ለይቶ ማወቅ ለማይችል ልጅ ብቻ ነው።

የአንድ አባት ጥያቄ

ከላይ ያለውን ታሪክ የሚያውቁ አንድ የመርካቶ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ከመግሪብ በኋላ ቆዩን። ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆች አሏቸው። የመጨረሻዋ የ19 ዓመት ልጃቸው ከዳውን ሲንድረም ጋር የተወለደች ናት። ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ስታጥፍ ከእሷ የሚስተካከል የለም፤ ነገር ግን የአሥር ብርና የሁለት መቶ ብር ኖት ልዩነት አይገባትም።

«ኡስታዝ፣ ሌሎቹ እጅና እግር አላቸው። ቤቱን ለሷ ብቻ ተናዝዤ ብሞትስ?» አሉን።

«ሐጂ፣ መጀመሪያ ሒሳቡን አብረን እንሥራው» አልናቸው።

ለስሌት እንዲመች ዕዳቸው ተከፍሎ፣ የቀብር ወጪ ወጥቶ፣ የባለቤታቸው የራሷ ሀብትም ተለይቶ 4,800,000 ብር የሚገመት ንብረት ቀረ እንበል። ሚስት ከልጆች ጋር አንድ ስምንተኛ አላት፤ 600,000 ብር ነው። የቀረው ለወንድ የሁለት ሴት ድርሻ እየተደረገ ሲከፈል ለእያንዳንዱ ወንድ ልጅ 1,400,000፣ ለእያንዳንዷ ሴት ልጅ 700,000 ብር ይደርሳል።

«አሁን ደግሞ የሷን የወር ወጪ ይንገሩን» አልናቸው። የታይሮይድ እንክብሏ፣ የሐኪም ክትትሏ፣ ወደ ማዕከል የምትመላለስበት ታክሲ፣ ምግቧ፣ ልብሷና የምትረዳት ሠራተኛ ተደማምሮ በወር 10,000 ብር ደረሰ። በዓመት 120,000 ነው። እንግዲህ 700,000 ብሩ ስድስት ዓመት እንኳ አይሞላትም። ዋጋ ባይጨምር ነው ይህ። በሻፊዒያና በሌሎች ብዙ ዑለማዎች ዘንድ አእምሮው ውስን በሆነ ሰው ገንዘብ ላይም ዘካ ስላለ፣ ገንዘቡ ሥራ ፈትቶ ቢቀመጥ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 17,500 ብር ይወጣበታል። ዑመር (ረ.ዐ) የየቲሞችን ገንዘብ ዘካ እንዳይጨርሰው ነግዱበት ብለው ማዘዛቸው የተዘገበው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሐጂ ወረቀቱን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱት። «በስድስት ዓመት እኮ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው» አሉ።

ለወራሽ ኑዛዜ የለም

ታዲያ ቤቱን ሊናዘዙላት ይችላሉን? አይችሉም። ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) በሐጀቱል ወዳዕ ዓመት መካ ውስጥ በታመሙ ጊዜ ስለ ገንዘባቸው ጠይቀው ሲሶ እንዲሆን፣ ሲሶም ብዙ እንደሆነ፣ ወራሾችን ሰው ለምነው እንዳይኖሩ አድርጎ መተው የተሻለ እንደሆነ ተነግሯቸዋል። በሌላ ሐዲስ ደግሞ ለወራሽ ኑዛዜ እንደሌለ ተደንግጓል። ልጅ ደግሞ ወራሽ ነች። ሌሎቹ አካለ መጠን የደረሱ ወራሾች ከአባታቸው ሞት በኋላ በፈቃዳቸው ካጸደቁላት ይጸናል፤ ካላጸደቁ ግን ይወድቃል። አባት ዕድሜ ልኩን የደከመበት ነገር በልጆቹ ቁጣ ወይም ይሉኝታ ላይ ይወሰናል ማለት ነው።

ሆኖም ሸሪዓው አንዱን በር ሲዘጋ ሌሎች በሮችን ከፍቶ ነው።

አንደኛው በር ስጦታ (ሂባ) ነው። አባት በጤንነቱ ጊዜ፣ በሞት አልጋ ላይ ሳይወድቅ፣ ለልጁ ንብረት ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን የኑዕማን ኢብኑ በሺርን (ረ.ዐ) ታሪክ እናስታውስ። አባቱ ለእሱ ብቻ ስጦታ ሰጥተው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ምስክር ሊያደርጉ ሲመጡ ለሌሎቹ ልጆችም እንዲሁ ሰጥተው እንደሆነ ተጠየቁ። አለመስጠታቸውን ሲናገሩ በልጆቻቸው መካከል ፍትሐዊ እንዲሆኑ ታዘዙ፤ ምስክርነቱም ቀረ። ስለዚህ ያለ ምክንያት ማበላለጥ አይገባም። ኢብኑ ቁዳማን የመሳሰሉ ዑለማዎች ግን እንደ በሽታ፣ ዓይነ ስውርነትና የቤተሰብ ብዛት ላለ እውነተኛ ችግር ሲባል ለአንዱ ልጅ ለይቶ መስጠት እንደሚቻል ገልጸዋል። ልብ በሉ! ስጦታ ስጦታ የሚሆነው ሲረከቡት ነው። «ከሞትኩ በኋላ ያንቺ ነው» ማለት ስጦታ አይደለም፤ ኑዛዜ ነው።

ሁለተኛው በር ወቅፍ ነው። ወቅፍ ሲባል ብዙዎቻችን መስጂድና የመቃብር ቦታ ብቻ ይታየናል። ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ) ግን ቤቶቻቸውን ወቅፍ ሲያደርጉ ከባሏ ተፈትታ የተመለሰች ሴት ልጃቸው እንድትኖርበት፣ እሷም እንዳትጎዳ፣ ቤቱንም እንዳትጎዳ ደንግገዋል። ከልጆቻቸው መካከል ማረፊያ የምታጣዋን አስቀድመው አስበዋታል ማለት ነው። ወቅፍ አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ አይወረስም። ዋናው ቆሞ ጥቅሙ ይበላል። ጠባቂው ወንድም ቢሞት የእሱ ልጆች አይወርሱትም። ያ የመስጂዳችን ወንድም ያጣው ይህንን ነው!

ሦስተኛው በር ብዙ ሰው የማያየው ነው። የአባት እጅ በኑዛዜ ረገድ የታሰረ ቢሆንም የአያት እጅ ክፍት ነው። ልጁ በሕይወት ያለ አያት የልጅ ልጁ ወራሹ አይደለምና ከሲሶው ሊናዘዝለት ይችላል። ወንድ ልጅ ያላቸው አጎትና አክስትም እንዲሁ። አያቶች ሆይ፣ ከሲሶአችሁ ለመስጂድ ምንጣፍ ስትናዘዙ ከቤታችሁ ውስጥ ያለውን ደካማ የልጅ ልጅ አትርሱ! በተመሳሳይ አባት ራሱ ወራሹ ላልሆነች፣ ልጁን ላሳደገችና ወደፊትም ለምትንከባከብ ዘመድ ከሲሶው ቢናዘዝ ውለታዋን መክፈልም ልጁን መርዳትም ነው።

ቤተሰቡ ሲሰበሰብ

ሐጂ ከእነዚህ መካከል ወቅፍን መረጡ። በአንድ ሕንፃ ውስጥ የገዟቸው፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ካርታ ያላቸው ሁለት ሱቆች አሏቸው። ትንሹን ሱቅ ወቅፍ አድርገው ኪራዩ ለልጅቷ ዕድሜ ልክ ኑሮ እንዲውል፣ ከእሷ በኋላ ለመድረሳ እንዲሆን ፈለጉ። የመኖሪያ ቤቱና ሌላው ሁሉ በአላህ ድርሻ ይከፈላል።

«ለልጆቹ ሳይነግሩ አይፈርሙ» አልናቸው። ከዒድ በኋላ ልጆቻቸውን ሰበሰቡ፤ ጅዳ የምትሠራው ታላቅ ሴት ልጃቸውም በስልክ ገባች። ነገሩ እንዳሰብነው ቀላል አልነበረም። ሁለተኛው ወንድ ልጅ «እኔ ሦስት ልጅ ይዤ ተከራይቼ ነው የምኖረው። የኔ ችግር ችግር አይደለም?» አለ። ቤቱ ጸጥ አለ። እኛ በዚህ ልጅ አልተቆጣንም። ጥያቄው በአባቱ ፊት መጠየቁ ከመቃብር በኋላ ከመጠየቁ በብዙ ይሻላል። አባትየው ያንን የሒሳብ ወረቀት አውጥተው «አንብበው» አሉት። አነበበው። ስድስት ዓመት የሚለው ላይ ሲደርስ እህቱን አያት፤ ከዚያ ወዲያ አልተከራከረም። ጅዳ ያለችው እህት ግን አንድ ነገር አስተካከለች። ለቤቱ እድሳት የላከችው ገንዘብ ብድር ይሁን ስጦታ ተጽፎ እንዲለይላት ጠየቀች። ትክክል ናት። ባሕር ማዶ ያለች ልጅ የላከችው ገንዘብ ሳይለይ አባት ከሞተ ውርሱ ከጅምሩ በክርክር ይጀመራል።

ገንዘቡን ማን፣ ልጅቷን ማን?

ንብረት ራሱን አይጠብቅም። ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄ የሰው ጥያቄ ነው። የአገራችን ሕግ ሁለት ሥራዎችን ይለያል። የሰውየውን አኗኗርና ጤና የሚከታተለው አሳዳሪ ይባላል፤ ንብረቱን የሚያስተዳድረው ሞግዚት ይባላል። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል። የእኛ ምክር ግን ከተቻለ ለሁለት ሰው ማካፈል ነው። የሚያበላት አንድ፣ የሚያስቀምጥላት ሌላ ሲሆን አንዱ የሌላው ዓይን ይሆናል።

የወቅፉንም ጠባቂ (ናዚር) በስም መጻፍ፣ እሱ ሲሞት ማን እንደሚተካው መጻፍ፣ ከኪራዩ አስቀድሞ የሱቁ ጥገና እንደሚወጣ መጻፍ ያስፈልጋል። ጠባቂው የግድ ወንድ መሆን የለበትም። ዑመር (ረ.ዐ) የኸይበር መሬታቸውን ወቅፍ ሲያደርጉ ከእሳቸው በኋላ ጠባቂ ያደረጉት ልጃቸውን ሐፍሳን (ረ.ዐ) ነበር። የኒሳእ ምዕራፍ ስድስተኛ አንቀጽ እንደሚያስተምረውም ጠባቂው ሀብታም ከሆነ ይቆጠብ፤ ድኻ ከሆነ በአግባቡ ለልፋቱ ይውሰድ። ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ከተጻፈ ሐሜት አይኖርም። በዓመት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ በሸዋል ወር፣ ገቢና ወጪው በቤተሰቡ ፊት ይነበብ። ወንድምን ሒሳብ መጠየቅ እሱን መጠርጠር አይደለም፤ ከጥርጣሬ ማዳን ነው።

ወረቀቱ በአገራችን ሕግ

በብዙ ቤት የማይታወቁ አራት ነገሮችን እንጥቀስ።

1ኛ. ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው የወላጅ ሥልጣን በሕግ ያበቃል። የአእምሮ ውስንነት ያላት የ19 ዓመት ልጅ በሕግ ዓይን እንደማንኛውም አዋቂ ናት፤ የሆነ ሰው አግባብቶ ቢያስፈርማት ነገሩ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት የሚያንከራትት ይሆናል። ስለዚህ በሐኪም ማስረጃ ተደግፎ ለፍርድ ቤት በማመልከት በፍርድ ጥበቃ እንዲደረግላት፣ ሞግዚትና አሳዳሪም እንዲሾምላት ማድረግ የሚሻለው ወላጆች በሕይወት ሳሉ ነው።

2ኛ. ውክልና ከሞት በኋላ አይሠራም። «ለልጄ ውክልና ሰጥቼዋለሁ፤ እሱ ያስተዳድርላታል» የሚሉ አሉ። የወካዩ ነፍስ ስትወጣ ውክልናውም አብሮ ይወጣል። በአባት ስም ብቻ ያለ የባንክ ሒሳብም የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት እስኪመጣ ድረስ አይንቀሳቀስም። በእነዚያ ወራት የልጅቷ እንክብል ከየት ይገዛል? ቢያንስ የስድስት ወር ወጪዋ በእናት ስም በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ። ከወለድ ነፃ አገልግሎት ዛሬ በየባንኩ አለ፤ ዘምዘም ባንክም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ይሠራል።

3ኛ. የቃል ኑዛዜ ቤት አይሸከምም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን በሁለት ምስክሮች ፊት በቃል የሚደረግ ኑዛዜ ተናዛዡ ሦስት ወር ከኖረ ይፈርሳል፤ ያውም ከቀብር ሥርዓት፣ ከትንንሽ ስጦታና ከልጆች ሞግዚትነት ያለፈ ነገር አይዝም። በሰው ፊት የሚደረግ የጽሑፍ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታም በዚሁ መልክ ካልተደረገ አይጸናም። ወደ ውልና ማስረጃ መሄድ የእምነት ማነስ አይደለም። በበቀራ ምዕራፍ 282ኛ አንቀጽ የዕዳ ውል እንዲጻፍ የታዘዘው፣ ደካማና ማስጻፍ የማይችል ሰው ሲሆን ደግሞ ጠባቂው በፍትሕ ያስጽፍለት የተባለው ለዚህ ነው።

4ኛ. የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የሙስሊምን ውርስ፣ ኑዛዜ፣ ስጦታና ወቅፍ የማየት ሥልጣን አላቸው። ነገር ግን ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። ከወራሾች አንዱ አልፈልግም ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ እዚያ አከፋፈሉ ሌላ ነው። ስለዚህ ልጆቻችሁ በየትኛው እንደሚዳኙ ዛሬ፣ እናንተ ባላችሁበት ይነጋገሩ።

ከዚህ ሌላ ተቀጣሪ የሆነ ወላጅ ልጁን በጡረታ ማኅደሩ ውስጥ ያስመዝግብ፤ የጉዳቷንም የሐኪም ማስረጃ ያያይዝ። የልደት ምስክር ወረቀቷና የፋይዳ መታወቂያዋ ይውጣ። በዕድርም ስሟ ይግባ። በወረቀት የሌለች ልጅ ድርሻዋም በቀላሉ ይጠፋል።

ደብተሩ

ሐጂ ይህን ሁሉ ፈጽመው ሲመለሱ «አለሐምዱ ሊላህ፣ ጨረስን» አሉ። ባለቤታቸው ግን «አልጨረስንም» አሉ። እናትየው ፊደል አልቆጠሩም። ታላቁን ልጃቸውን አስቀምጠው በአንድ ሃምሳ ሉክ ደብተር ላይ እንዲጽፍ አደረጉት። ደብተሩን እንድናየው ፈቅደውልን ነበር።

እንክብሏን በባዶ ሆዷ፣ ጠዋት እንደምትወስድ ተጽፏል። ነጎድጓድ እንደምትፈራ፣ በዚያ ጊዜ እጇን ይዘው ያሲን ሲቀሩላት እንደምትረጋጋ ተጽፏል። ጆሮዋን ስትይዝ ጥርሷን እያመማት መሆኑ ተጽፏል። አዲስ ጫማ ከተገዛላት አሮጌው ለሳምንት አጠገቡ መቀመጥ እንዳለበት ተጽፏል። ከሁሉም በላይ ግን አንዱ መስመር ልባችንን ነካው። «ስትቆጧት ትስቃለች። ንቀት አይደለም። ስትፈራ ነው የምትስቀው» ይላል።

ይህን ከእናቷ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ታላቅ ወንድሟ እንኳ እየጻፈ ሳለ ብዕሩን አስቀምጦ «እኔ ስንት ጊዜ በዚህ ሳቅ ተናድጄባታለሁ» አለ። እናትየው ነገ ቢሞቱ ይህ እውቀት አብሯቸው ይቀበር ነበር። ሱቁ ኪራይ ይከፍላል፤ ፍርድ ቤቱ ሞግዚት ይሾማል። ሳቋን ግን የሚተረጉምላት ይህ ደብተር ብቻ ነው።

ውድ አንባቢያን! የሚናዘዘው ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜው ተጽፎ አጠገቡ ሳይኖር ሁለት ሌሊት እንዳያድር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መክረዋል። ይህን ሐዲስ ያስተላለፉት የዑመር ልጅ ዐብደላህ (ረ.ዐ) ከሰሙት ጀምሮ ኑዛዜያቸው ከእሳቸው ተለይቶ እንዳላደረ ተናግረዋል። እኛ ግን ስንት ሌሊት አድረናል? በዚህ ወር ሦስት ነገር እንሥራ። የልጃችሁን የወር ወጪ በአንድ ወረቀት ደምሩ። ጠባቂ ይሆናል ብላችሁ የምታስቡትን ሰው «ትችላለህ ወይ?» ብላችሁ በአንደበታችሁ ጠይቁት። የደብተሩንም የመጀመሪያ ገጽ ጻፉ። የድርሻውን ስሌት፣ ስጦታውንና ወቅፉን ደግሞ በአካባቢያችሁ ካሉ ዓሊሞችና ከሕግ ባለሙያ ጋር ሆናችሁ ጨርሱት።

እንዲህ ዓይነት ልጅ የሌለን ደግሞ የጎረቤታችንን በር እናንኳኳ። ያንን ሳንጠይቀው የቀረነውን ጥያቄ እንጠይቅ። ያ ወንድማችን ነገም ፈጅር ላይ ማንቆርቆሪያዎቹን ሞልቶ፣ በር ላይ ቆሞ በስማችን ይጠራናል። እሱ ማንንም አልረሳም። እኛም የደካሞቻችንን ሐቅ እንዳንረሳ አላህ ያግዘን። ኣሚን!

ወላሁ አዕለም። እስከሚቀጥለው እትም ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።